በአጥሚት የታጠበው ወንድሜ

ወንድሜን ጉድፍ የያዘው እናታችን ቤት ባልነበረችበት ጊዜ ነው። እማዬ ነርስ ናት። ኮሮና ዶሃ ሲገባ የእሷን ክፍል ሠራተኞች በሽታውን ወደ ቤታቸው እንዳይወስዱ ብለው ሆቴል አስቀመጧቸው። ሆቴሉ እኛ ከምንኖርበት ከኦልድ ኤርፖርት ሰፈር ሩቅ አይደለም። አንድ ቀን በመኪና ስናልፍ አባዬ መስኮቷን ሊያሳየን ሞክሮ እሱም ጠፋበት። መስኮቶቹ ሁሉ አንድ ናቸው። ስለዚህ እማዬ የምትገኘው ስልክ ውስጥ ነበር።

አባዬ አውሮፕላን ይጠግናል። ሰው የሚጭኑት ቢቆሙም ዕቃ የሚጭኑት ይበሩ ስለነበር ጠዋት ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚመለሰው። ቀን ቀን እኔና አራት ዓመት ያልሞላው ወንድሜ ብቻችንን እንውላለን። እኔ ላፕቶፑን ከፍቼ የምማር እመስላለሁ፤ እሱ ከጠረጴዛው ሥር መኪናዎቹን ያሰልፋል።

ያን ሰሞን ምን ይሰማሽ ነበር ብትሉኝ፣ ምንም። አላለቅስም፣ አልናደድም። እግር ላይ ብዙ ተቀምጠው ሲነሱ እግሩ የራስ አልመስል የሚልበት ጊዜ አለ አይደል? እንደዛ። የእኔ ግን ከእግር ጣቴ እስከ ራሴ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት ሆዱ ላይ ነው። ካናቴራውን ሳወልቅለት ቀያይ ነጠብጣቦች፣ አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ውሃ ቋጥረዋል። ፎቶ አንስቼ ለእማዬ ላክሁ። ትንሽ ቆይታ ደወለች። ጉንጮቿ ላይ ማስኩ የሠራው መስመር ነበር።

«ጉድፍ ነው» አለች። «አይዞሽ፣ ይወጣለታል። እንዳያከው ብቻ። ቅንድቡ ጋ ያለችውን አየሻት? እሷ ከቆሰለች ዓይኑ ቅርብ ነው። ጥፍሩን ቁረጪለት።»

«እሺ።»

«አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

ምንም ካልተሰማኝ ደህና ነኝ ማለት ነው መሰለኝ።

ጥፍሩን ቆረጥኩ። እጆቹ ላይ ካልሲ አጠለቅኩለት፣ በጥርሱ ጎትቶ አወለቃቸው። ደጋግሜ አጠለቅኩ፣ ደጋግሞ አወለቀ። መጨረሻ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ «ስማ፣ በነካካኸው ቁጥር የበለጠ ይበላሃል። ዝም ካልከው ይተውሃል» አልኩት።

ሠራ። እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ ሶፋው ላይ በጀርባው ተጋደመ። መኪናዎቹን አልጠየቀም። ከኤሲው ሥር ጣሪያውን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ ብቻ ይተነፍሳል። ጎበዝ ብዬው ወደ ላፕቶፔ ተመለስኩ።

ከኮሪደሩ ማዶ ባለው ቤት አንዲት ሴት ነበረች። አል ቱማማ የሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ ስትሠራ ቆይታ፣ ማዳሟ «እስክጠራሽ» ብላ አሰናብታት፣ ከጓደኞቿ ጋር ተጠጋግታ ትኖራለች። እሷ ከእሷ በር፣ እኔ ከእኔ በር ሆነን እናወራለን። ወንድሜን የምትጠራው ሙዲር እያለች ነው፤ በአረብኛ አለቃ ማለት ነው፣ ሥራን ደግሞ ሹግል ትላለች።

«ሙዲሩ ዛሬ ድምፁ ጠፋ» አለችኝ። «ሹግሉን ለቀቀ እንዴ?»

«ጉድፍ ይዞታል።»

«ውይ የኔ ጌታ። በይ ውሃ እንዳታስነኪው። ሽቶም እንዳይሸተው። መጋረጃውን ዝጊና ይተኛ፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት ሳቀች። ሆቴል ከገባች ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያኔ ነው።

«እኔንም ልጅ ሆኜ እንደዛ ነው ያደረጉኝ። ውሃ ሳይነካኝ ሰውነቴን ሳክ ሰነበትኩ። አንቺ እጠቢው። አጃ አለ አይደል? ዱቄቱን በስስ ጨርቅ ቋጥረሽ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ክተቺው። ውሃው ነጭ ሲሆን ልጁን አስቀምጪው። እንዳታሺው። ከወጣ በኋላ ያንን ካላሚን የሚሉትን ሮዝ ቅባት ነካ ነካ አድርጊለት።»

የዶሃ በጋ ስለሆነ ቀዝቃዛ የተባለው ቧንቧ የሚያወርደው ጣሪያ ላይ ባለው ታንከር ውስጥ በፀሐይ የጋለ ውሃ ነው። ቤት ውስጥ ያለውን ማሞቂያ አጥፍተን ሰንብተናል፤ እሱ ውስጥ የቆየው ውሃ ነው የሚቀዘቅዘው። የሙቁን ቧንቧ ከፍቼ ገንዳውን ሞላሁ፣ የአጃውን ቋጠሮ ጨመቅ ጨመቅ አደረግኩበት። ወንድሜ እርቃኑን በሩ ላይ ቆሞ ያያል።

«ምንድን ነው?»

«አጃ።»

«አጥሚት?»

ጠዋት ጠዋት የሚጠጣው አጥሚት ነው። ዱቄቱን ከዚያው ቆርቆሮ ስዘግን አይቶኛል።

«አዎ፣ አጥሚት በለው። ያላ፣ ግባ።»

ወደ ኋላ ሄደ። ጀርባው ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«ልታስበይኝ ነው» አለ።

«ለማን?»

«ለሚበላኝ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። እያለቀሰ፣ ግን ድምፅ ሳያወጣ፣ አስረዳኝ። ሆዱ ላይ ጀመረ። ከዚያ ጀርባው ላይ በላው። አሁን ዓይኑ ጋ ደርሷል። ዝም ካልከው ይተውሃል ስላልኩት ዝም ብሎት ነበር፣ እንዳይሰማው ቀስ ብሎ እየተነፈሰ። አልተወውም። አሁን ደግሞ እኔ አጥሚት ውስጥ ነክሬ ላጣፍጥለት ነው።

«ከጨረሰኝ» አለ፣ «እማዬ ስትመጣ አታገኘኝም።»

ሶፋው ላይ እንደዛ የዋለው ለዚህ ነበር። እኔ ጎበዝ እያልኩት።

«ኢቺ ማለት እኮ ነው» አልኩት፤ ይህን የቆዳ መብላት ከመዋዕለ ሕፃናት የሚያውቀው በእንግሊዝኛው ነው። «ኢቺ፣ ኢቺ።»

«ኢቺ አይደለም። ይበላሃል ነው ያልሽኝ።»

ልክ ነው፣ ብያለሁ። ሌላስ ምን ይባላል? የኛ ሰው ሁሉ ይበላኛል ነው የሚለው። እስከዚያች ቀን ድረስ ማን ነው የሚበላው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

«እሺ፣ ይበላሃል እንበል። አንተ ሲርብህ ምን ታደርጋለህ?»

«አለቅሳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እበላለሁ።»

«ከጠገብክ በኋላ ዶሮ ቢያቀርቡልህስ?»

«አልፈልግም።»

«እሱም እንደዛው ነው። ይሄን ሁሉ አጥሚት ጠጥቶ ከጠገበ አንተን ምን ያደርግሃል?»

አሰበበት። ወደ ገንዳው ጠጋ ብሎ አየ።

«ስኳር አድርገሽበታል?»

ወንድሜ ራሱ ያለ ስኳር አይጠጣም። ወጥ ቤት ሄጄ በማንኪያ ጫፍ አምጥቼ፣ እያየ በተንኩበት። ለእማዬ አልነገርኳትም።

ገባ። በኩባያ ትከሻው ላይ አፈሰስኩለት። ሆዱን ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «ጠጣ» አለው። «ጨርሰው።» የረጠበ ጨርቅ ቅንድቡ ላይ ያዝኩለት። ሲጨርስ ፎጣውን ሳላሽ ጠጋ ጠጋ አድርጌ አደረቅኩት፣ ቅባቱንም በጥጥ ለእያንዳንዷ ነጠብጣብ አጎረስኩ። «ጉርሻ» ብሎ የጠራው እሱ ነው። «ይቺን ዘለልሻት፣ ይቺም ርቧታል» እያለ ጀርባውን ያዞርልኛል፤ ጀርባውን ግን አያይም። የቅንድቡን ራሱ አጎረሳት። ከዚያ ሶፋው ላይ ተኛ፣ እጆቹ ተከፍተው፣ እንደ ወትሮው እያንኮራፋ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ምሳና ራት አበላነው። ሴትየዋ ገንዳው ሲሞላ ሰምታ ከበሯ ላይ፣ «አሁንም ውሃ ልታስነኪው ነው?» ትለኛለች።

«አጥሚት ነው» እላታለሁ።

«የእናንተ ቤት ነገር። ነርስ የወለደችው አይነገረው።»

አንድ ምሽት ግን አባዬ ቀድሞ መጥቶ፣ ደክሞት፣ ወንድሜም ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሎት፣ ሳናጥበው ወደ አልጋው ወሰደው። ጠዋት ትራሱ ላይ ደም ነበር። የቅንድቡን በእንቅልፍ ልቡ አኮታል። ጠረግኩ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁ። የትራሱን ጨርቅ ቀየርኩ። እማዬ ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠግታ ብዙ አየች።

«ዓይኑን አልነካም» አለች። «ምልክቷ ግን ትቀራለች።»

እማዬ ስትመለስ ቅርፊቱ ሁሉ ረግፎ ነበር። በሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራ እስክትመጣ ወንድሜ ሳሎን መሃል ቆሞ ጠበቃት። አልሮጠም። ስትመጣ ካናቴራውን እስከ አገጩ ገለበ።

«አልጨረሰኝም» አላት።

እማዬ ወደ እኔ አየች። ወንድሜ ጣቱን ቅንድቡ ላይ አደረገ።

«ይቺን ብቻ ነው የበላት። ያን ቀን ራቱን አልሰጠነውም።»

እማዬ ተንበርክካ አቀፈችው። ከዚያ ከትከሻው በላይ ወደ እኔ ቀና ብላ፣ «አንቺስ?» አለችኝ። «ደህና ነሽ?»

መልሱ ዝግጁ ነበር። አፌ ላይ ነበር። አልወጣም አለ፤ ከንፈሬ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ወንድሜ ፊቴን አየት አድርጎ ወደ እናቱ ዞረ።

«እሷንም እየበላት ነው» አላት። «አጥሚት አድርጊላት። በስኳር።»

«በስኳር?» አለች እማዬ።