ቤታችን ሲቃጠል ከካቡ ጀርባ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ሰፈራችን ውስጥ ልጆች ርችት ሲተኩሱ የባሩዱ ሽታ በመስኮት ገባና፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ አንኮበር ጎረቤላ ሳለሁ እንደ ነበርሁት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ሳላስበው ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ።

አባቴ ሚሊሻ ነበር። ጥይቱን በስልቻ አድርጎ ከገብሱ ጎታ ሥር ያኖራል፤ የአንኮበር ጉም እንዳያረጥበው ፀሐይ በወጣ ቁጥር እንደ በርበሬ ደጅ ያሰጣዋል፤ እናቴም "ዶሮ እንዳይለቅመው ጠብቂ" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ታላቅ እህቱ እቴቴ ከእኛው ጋር ትኖራለች። እግሯ ስለከዳት ከመደቡ አትወርድም፤ ጠጉሬን እየሠራች፣ ሹሩባው ሲያምርላት ራሷን ታሞግሳለች።

አንድ ቀትር፣ አባቴ ጠመንጃውን ይዞ ለጥበቃ ወጥቶ፣ እኔና እናቴ ምንጭ ወርደን ሳለ፣ ከምድጃው የተነሣ ፍንጣሪ የሣር ክዳኑን ያዘው። ስንደርስ ጎረቤቱ ውኃና መጥረቢያ ይዞ እቴቴን ለማውጣት ግድግዳውን ሊያፈርስ ተሰብስቧል። ያኔ ጥይቱ መፈንዳት ጀመረ። ሰው ሁሉ ባልዲውን ጥሎ ከካቡ ጀርባ ተኛ።

የድሮው ወታደር ጋሽ ትርፌ ብቻ ቆመው ቀሩ።

"ተነሡ እንጂ! ጠመንጃ ውስጥ ያልገባ ጥይት ነው፤ ቀለሁ ይሰነጠቃል እንጂ አረሩ ሩቅ አይሄድም!"

ማንም አላመናቸውም። ብቻቸውን ገብተው፣ የወደቀውን ምሰሶ ማንሣት አቅቷቸው፣ እጃቸው ተቃጥሎ ወጡ። እናቴ ልትገባ ስትነሣ ወገቧን አቅፌ ያዝኋት። "ልቀቂኝ!" አለችኝ። አልለቀቅኋትም። ከውስጥ እቴቴ "ልጅቷን እንዳታስገቧት!" ስትል ሰማን። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ፍንዳታው ብቻ ሆነ።

በነጋታው አመዱ ሲገለጥ ቀለሆቹ ተተርትረው፣ አረሮቹ እዚያው አጠገባቸው ወድቀው ተገኙ። የጎታው ጭቃ እንኳ አልተበሳም። አባቴ አንዱን አረር አንሥቶ መዳፉ ላይ እያገላበጠ ብዙ ቆየ፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያ አልያዘም።

ባልይዛት ኖሮ ትገባ እንደ ነበር እናቴን የጠየቅኋት ልታርፍ ስትል፣ በመጨረሻው ክረምቷ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ "አንቺ ባትይዢኝም አልገባም ነበር፤ እኔው ፈርቼ ነው" አለችኝ። እውነቷን ይሁን፣ ሸክሜን ልታቀልልኝ ብላ፣ ደግሜ ለመጠየቅ አቅም አጣሁ። አሁን የምጠይቀው ሰው የለም፤ የቤቱም ቦታ ድንች ተዘርቶበታል።