የጋሽ ታደሰ ስኖሞቢል ማቀዝቀዣ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ራዲያተር ፈልጌ አጣሁ። የጋራዡ ባለቤት ማኑኤል አንድ ስኖሞቢል ፊቴ አቁሞ «ውሃውን ቀይር» ብሎኝ ሄደ። ስኖሞቢል ከፊት ሁለት ሸርተቴ፣ ከኋላ የሚሽከረከር ሰፊ የጎማ ሰንሰለት ያለው፣ እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠው በረዶ ላይ የሚነዱት ማሽን ነው። እስከዚያ ቀን በቴሌቪዥን እንጂ በእጄ ነክቼው አላውቅም። ሳሪስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት መኪና ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝና መጠየቅ አፈርኩ። ከፊት ከፈትኩ፣ ከጎን ከፈትኩ፤ የለም።

ማኑኤል ሲመለስ ተንበርክኬ አገኘኝና ሳቀ። ከመቀመጫው ሥር፣ ከሰንሰለቱ በላይ ያለውን ረጅም የአሉሚኒየም ሳጥን በመፍቻ መታ መታ አደረገው። «ውሃው እዚህ ውስጥ ያልፋል። ሰንሰለቱ በረዶ እየረጨበት ያቀዘቅዘዋል። ራዲያተሩ በረዶው ነው» አለኝ።

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ ዓመታት አጋማሽ ላይ ነው። ባለቤቴ ስፖንሰር አድርጋኝ ቶሮንቶ ከመጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከምኖርበት ሰፈር ከፍሌሚንግደን ፓርክ ሁለት አውቶቡስ እየቀየርኩ ወደ ጋራዡ እሄዳለሁ። በበጋ የሣር ማጨጃ፣ በብርዱ ወራት ስኖሞቢል እንጠግናለን። በወረቀት አፕሬንቲስ፣ ማለትም የሙያ ተለማማጅ ነኝ፤ የሠራሁትን ሰዓት ማኑኤል እየፈረመ የሚያጸድቅበት ደብተር ነበረኝ፤ የመጨረሻውን ፊርማ ሲያኖርበት የመካኒክነት ፈቃድ አገኛለሁ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ! ባለቤቴ «ተማሪው» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጋሽ ታደሰ ወደ ጋራዡ መጡ። ከአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ነው የማውቃቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ በአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ሲያጥቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ዝዋይ ሐይቅ ዳር ስላደጉ ዓሣ ማጥመድ ይወዳሉ። እዚህ ደግሞ ሐይቁ ሲረጋ በረዶውን በስተው ማጥመድ ለመዱና አሮጌ ስኖሞቢል ገዙ። ፓርክዴል ሰፈር ፎቅ ላይ የሚኖር ሐበሻ ስኖሞቢል ገዛ ሲባል ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ሲምኮ ሐይቅ ደርሰው ሲመለሱ ዓመታት የቀነሱ ይመስሉ ነበር።

«ብሩክ፣ ይኼ ነገር ይፈላብኛል» አሉኝ። «ሐይቁ መሐል ስደርስ ቀዩ መብራት ይበራል። ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ትንሽ እነዳለሁ፣ ደግሞ ይበራል።»

«ነፋሱ በረዶውን ጠርጎት ነው፣ ጋሽዬ። ግግሩ ባዶ ሲሆን ሰንሰለቱ የሚረጨው አያገኝም።»

«እንግዲያው አንድ ነገር አድርግልኝ። በእግሬ እንዳልገባ ጉልበቴ እምቢ ብሏል።»

ማኑኤል የሚሠራውን ወረቀት ላይ ሣለልኝ። ከፊት ሽፋኑ ሥር ከሞተር ብስክሌት የወጣ ትንሽ ራዲያተር ከነፋኑ፤ ከኋላ ደግሞ ግግሩን እየቧጨሩ ፍርፋሪውን ወደ ላይ የሚረጩ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎች። «ሌላ ምንም አትንካ» አለ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለራዲያተሩ ማቀፊያ ብረት ቆርጬ በየድኩ፤ የውሃ ማስተላለፊያ ጎማዎቹን ቀጠልኩ፤ ውሃ ሞልቼ የማሽኑን አፍንጫ በክሪክ አንስቼ አየሩን አስወጣሁ። ያማረ ሥራ ነበር። እዚያ ላይ ብተወው ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

አዲስ አበባ መኪና ፈላ ሲባል መጀመሪያ የምናወልቀው ቴርሞስታቱን ነበር። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ዘግቶ የሚይዝ፣ ሲሞቅ የሚከፍት ትንሽ በር ነው። «ለፈረንጅ ብርድ የተሠራ ነው፤ ለኛ ምን ያደርጋል?» እያልን ስንቱን ጣልን። አሁን የፈረንጅ ብርድ መሐል መቆሜን እጄ ዘነጋው። ጋሽ ታደሰ ሐይቅ ላይ እንዳይቸገሩ ብዬ፣ ማኑኤልን ለወጉ እንኳ ሳላማክር አወለቅኩት።

ማኑኤል ከቢሮው ብቅ ብሎ «ቴርሞስታቱ ደህና ነው?» አለኝ።

«ደህና ነው» አልኩ። እውነትም ደህና ነበር፤ መሣቢያዬ ውስጥ።

ግቢ ውስጥ አስነስቼ ስሞክረው የሙቀቱ መርፌ አልነቃነቅ አለ። ደስ አለኝ። ጋሽ ታደሰም «ጌታ ይባርክህ» ብለው ጭነው ሄዱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ብርዱ በረታ። ጋሽ ታደሰ ከዳር ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ገብተው ነዳጅ ሲሰጡት ሞተሩ በአንዴ ቀጥ አለ። የስልካቸው ባትሪ በብርዱ ሞተ። በዚያ ጉልበታቸው እየተጎተቱ ግማሹን መንገድ ከሄዱ በኋላ ሌላ አጥማጅ አይቶ ጫናቸው። ሁለት ጣታቸው በብርድ ተጎድቶ ሆስፒታል አደሩ።

ማሽኑ ሰኞ ተመልሶ መጣ። እኔው ፈታሁት። ፒስተኑ፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ብረት፣ አራት ቦታ ላይ ቁልቁል ተጭሯል። ማኑኤል በጣቱ ዳሰሰው። «ፒስተኑ ሞቆ ሲያብጥ ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ነበርና አጥብቆ ያዘው» አለ። «ሽማግሌው ሳያሞቁ ነድተዋል።» የሥራ ወረቀቱ ላይም «የነጂ ስህተት» ብሎ ጻፈ፤ ለጋሽ ታደሰም ደውሎ ነገራቸው።

እኔ ግን ገብቶኛል። ሲሊንደሩ ያልሞቀው የበረደው ውሃ ያለ ከልካይ ስለገባበት ነው፤ ከልካዩን ያነሳሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ለመጨረሻው ፊርማ ሁለት ወር ቀርቶኝ ነበር። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንዲሉ፣ ሳምንቱን እንደዚያው ከረምኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ባለቤታቸው እትዬ ወርቅነሽ በሩን ከፈቱልኝ። የበረዶ መብሻው፣ የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ፣ ወፍራሙ ጫማ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል፤ ለሰው ሊሰጥ ነው። ጋሽ ታደሰ እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሶፋ ላይ ነበሩ። የመኪናቸውን ቁልፍ እንኳ ለልጃቸው ለማርታ አስረክበዋል።

«አለቃህ ልክ ነው» አሉኝ። «እኔ ግን ዋርም አፕ ያደረግኩ መስሎኝ ነበር። አሥር ደቂቃ ሙሉ ቆሜ የጠበቅኩ መስሎኝ ነበር። አየህ ብሩክ፣ እንዲህ ነው የሚጀምረው። ያደረገውንና ያላደረገውን የማይለይ ሰው ምንም ነገር መንዳት የለበትም።»

«አይዞዎት፣ ይሻልዎታል» አልኩ። የቀረበልኝን በላሁ፣ ተሰናበትኩ፣ በሊፍት ወረድኩ። የፎቁ መግቢያ ላይ ቆሜ ኮቴን ቆለፍኩ። መውጣት አቃተኝ። ተመልሼ ወጥቼ አንኳኳሁ፤ ራሳቸው ከፈቱ።

«ጋሽዬ፣ አሥር ደቂቃ አሙቀውታል» አልኳቸው። «ቢያሞቁትም አይሞቅም ነበር። ቴርሞስታቱን አውልቄዋለሁ። ለማኑኤልም አልነገርኩትም።» ነገሩን እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው።

በሩን እንደያዙ ጠየቁኝ። «መቼ አወቅህ?»

«ሰኞ።»

«ስድስት ቀን» አሉ። «እኔ ስድስት ቀን ሙሉ አእምሮዬ ከዳኝ እያልኩ ማርጀት ስለማመድ ነበር።»

አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። እትዬ ወርቅነሽ ከውስጥ «ማነው?» ብለው ተጣሩ።

«ብሩክ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ለማርታ ኮል አድርጊላት። የመኪናዬን ቁልፍ ታምጣልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ለማኑኤል ነገርኩት። ወረቀቱን አውጥቶ «የነጂ ስህተት» የሚለውን ሰረዘ። «ማውለቅህ ስህተት ነው፤ ስህተት ይታረማል» አለ። «ስጠይቅህ ግን ደህና ነው አልከኝ።» ፊርማዬን በአንድ ዓመት አራዘመብኝ። አልተከራከርኩም። ፒስተኑንና ሲሊንደሩን በዕረፍት ቀኖቼ ቀየርኩ፤ ቴርሞስታቱንም ቦታው መለስኩ።

ጋሽ ታደሰ ማሽናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ወረቀቱን ስጠኝ» አሉኝ። መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። የማያውቁት ቃል ሲደርሱ ያቆሙኛል፤ እኔም አስረዳለሁ። እኔን ስለማያምኑኝ ነበር፤ ልክ ነበሩ። ጨርሰው ፈረሙና የዚያኑ ቅዳሜ ሐይቅ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽን ነክቻለሁ። ለሥራው አዲስ ለሆናችሁ የምለው ይህን ነው፤ ያወለቃችሁትን ጻፉ። ካልጻፋችሁት፣ ጥፋቱን የሚሸከመው ያላወለቀው ሰው ነው።