ወተቱን ማን ይቅመስ?

የወተት ተራችን ሊከፈት ነው! ኧረ ሰላምታውንም ዘለልኩት... እንዴት ሰነበታችሁ የሞያሌ ሰዎች፣ እዚህም ከድንበሩ ማዶም ያላችሁ።

ትናንት ከሰዓት ባራዛ ተጠርተን ነበር። ቺፉ፣ የአካባቢያችን የመንግሥት ሹም፣ ዛፍ ስር የሚሰበስበን ስብሰባ ማለት ነው። እስከዛሬ የምንጠራው የተወሰነውን ለመስማት ነበር፤ ትናንት ግን «እናንተ ወስኑ» ተባልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የግመል ወተት ነው የምሸጠው። በእኛ ተራ ደግሞ ገዢ ሳይቀምስ አይገዛም... በጀሪካኑ ክዳን ትንሽ ትቀጂለታለሽ፣ ይጎነጫል፣ በዚያው ክዳን ቀጣዩም ይቀምሳል። አዲስ በሽታ መጣ ሲባል ተራውን ዘጉብን። ከቡቲዬ መንደር የሚመጣልኝ ወተት እየተበላሸ ለውሻ ሆነ።

ከጤና ቢሮ የመጣችው ነርስ ምርጫውን ነገረችን፤ ወይ ተራው እንደተዘጋ ይቆያል፣ ወይ ይከፈትና በክዳን መቅመስ ይቀራል።

አባ ኢሳቆ፣ ማንያታ ሰፈር ሻይ ቤት ያላቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ወደ እኛ ቀሰሩ።

«ሳልቀምስ ከእነዚህ ሴቶች አልገዛም። ውሃ ሲሸጡልኝ ከርመዋል።»

ነርሷ የራስዎን ኩባያ ይዘው ይምጡ ብትላቸው ባሰባቸው። ኩባያ ይዘው ገበያ ሲዞሩ ሰው ለማኝ ሊላቸው ነዋ። ሌሎቹም ባለ ሻይ ቤቶች አብረዋቸው አጉረመረሙ... እነሱ ካልገዙን ደግሞ ተራው ቢከፈት ምን ሊጠቅመን?

ይበልጥ ያቃጠለችኝ ግን ሐሊማ ናት። ከጎኔ ነው የምትሸጠው፤ ደንበኛ ስንነጣጠቅ ነው የኖርነው። ከእኛ ጋር ትቆማለች ስል ብድግ ብላ፣ እናንተ ክዳኑን እንደማትተዉት አውቃለሁ፣ ስለዚህ ይዘጋ አለች። ባለፈው በኮሮና እናቷን እንደቀበረች ሁላችንም እናውቃለን። ያም ሆኖ አፌ ቀደመኝ።

«አንቺማ ይዘጋ በይ፣ ባልሽ ሹፌር ነው። እኔን ማን ያበላኛል?»

«ማማ ሳሚ፣ አንቺን የሚያበላሽ የጉድጓድ ውሃ ነው እንጂ ወተት አይደለም።»

ከዚያ ወዲያ የተባባልነው እዚህ አይጻፍም። በአማርኛ ጀመርን፣ በኦሮምኛ ቀጠልን፣ ስድብ ሲያልቅብን ወደ ስዋሂሊ ገባን። ቺፉ «ባሲ፣ ባሲ»፣ ይብቃችሁ ቢል ማን ሰምቶት። ነርሷ እንዲያውም ቦርሳዋን አንስታ ልትሄድ ነበር።

አባ ኢሳቆ ሲያዩን ቆዩና መሳቅ ጀመሩ።

«እነዚህ ሁለቱ ይቀማመሱ» አሉ። «ሐሊማ የዚችን፣ ይቺ የሐሊማን። ሐሊማ ደህና ነው ያለችውን የማማ ሳሚን ወተት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እገዛለሁ።»

ነርሷ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። እያንዳንዷ ሻጭ የራሷን ኩባያ ትይዛለች፣ ገዢው ፊት የጎረቤቷን ወተት ትቀምሳለች፣ ክዳን የማንንም አፍ አይነካም። ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀች። ባለ ሻይ ቤቶቹ ይሆናል አሉ። ቺፉም እሺ አለ። የቀረችው ሐሊማ ናት፤ ሁላችንም ወደ እሷ ዞርን።

በክዳን ሲያስቀምስ የተገኘ ሻጭ ከተራው እንደሚባረር ቺፉን ቃል አስገብታ ነው መልስ የሰጠችው።

«እሺ። ግን ቀጥኖ ካገኘሁት ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።»

በሉ እንግዲህ... ከሐሊማ ጋር እስካሁን አልታረቅንም። ደግሞስ ብንታረቅ አባ ኢሳቆ ማንን ያምናሉ?

ተራው ሐሙስ ጠዋት ይከፈታል። የዚያን ቀን የእኔ ወተት በነጻ ነው፣ ሐሊማ ፊቷን አጨማድዳም ቢሆን ደህና ነው ስትል ጆሯችሁ ይስማ። ከኦዳ ሰፈርም ከማዶም፣ ኩባያችሁን ይዛችሁ ሐሙስ ሁላችሁም ኑልኝ።