የኦሪን ድልድይና የሃርላን አፍ

ኦሪን ፔልኪ እንኳን ሰው መሃል ተገኝቶ፣ ለብቻው ላም ሲያልብም ንግግር ያደርጋል። ቬርሞንት ውስጥ ባለችው ትንሽ ከተማቸው፣ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ነዋሪው ሁሉ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰብና በከተማዋ በጀት ላይ እጁን እያወጣ ይወስናል፤ ሲያበቃም አብሮ ምሳ ይበላል። ታዲያ ጉዳዩ የመንገድ ጨው ይሁን የመቃብር አጥር፣ ኦሪን ሳይቃወም የዋለበት ስብሰባ የለም። “ሕገ መንግሥቱ ተናገር ብሎኛል!” ይላል። ኧረ ተናገር አለው እንጂ ሰው አድርቅ መች አለው!

ዘንድሮ ግን ጉዳዩ የራሱ ሆነ። ወደ እርሻው የሚያሻግረው ድልድይ ተሰነጠቀና ተዘጋ። ካልተጠገነ ወተት ለማድረስም ዳቦ ለመግዛትም ተራራውን መዞር ሊሆን ነው። የጥገናውን ገንዘብ የሚፈቅደው ደግሞ ያው ስብሰባ ነው።

“ስማኝ አንተ ሰውዬ” አለችው ሚስቱ ሉሲንዳ፣ ተራራውን ዞረው መጥተው መኪናቸውን አዳራሹ ደጅ ላይ ሲያቆሙ። “ዛሬ ትንፍሽ እንዳትል። አንተ ከደገፍከው፣ ሰው አንተን ለማብሸቅ ብቻ ነው የሚጥለው።”

“መብቴን እኮ...”

“መብትህን ዋጠው! ዝም አይነቅዝም።” ጥርስ የሚያጣብቅ ካራሜላም አጎረሰችው።

አቤት ያየው መከራ! የበረዶ መጥረጊያ መኪና ግዢ ሲነሳ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ሲነሳ ፊቱ ቀላ። ጎረቤቶቹ ታሟል ብለው አዘኑለት።

የድልድዩ ተራ ደረሰ። ከኋላ ሃርላን ስቶዳርድ እጁን አወጣና ተነሳ። ሃርላንና ኦሪን በአንድ ኮርማ ሰበብ ከተኳረፉ ዘመን አልፏል። ገና አፉን ሲከፍት፣ አንዱ “ኧረ በቃን! ምሳው እየቀዘቀዘ ነው፤ ውይይቱ ተዘግቶ ድምፅ ይሰጥ!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹም “ይዘጋ! ይዘጋ!” አለ። የሉሲንዳ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ተቃዋሚው ሳይናገር ድልድዩ ሊያልፍላት ነው!

ኦሪን ግን ሃርላን አፉን እንደከፈተ ተገትሮ ሲቀር አየና አላስቻለው። ሉሲንዳ ኮቱን ብትይዘው ጎትቶ አስለቀቃት።

“ክብርት ሰብሳቢ!” አለ፣ ካራሜላው ጉንጩን እንደወጠረው። “ይሄ ሰውዬ ደመኛዬ ነው። የሚለውንም አውቃለሁ፣ ድልድዬን ሊቀብር ነው። ቢሆንም ዜጋ ነው! የመናገር መብት ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ብቻ ነው ያለው ማነው?”

ሰው አፈረ። ሰብሳቢዋ ብታስመርጥ “ይዘጋ” የሚለው አነሰ።

ሃርላን ጉሮሮውን ጠረገ። “በዚያ ድልድይ የሚሻገሩት ኦሪንና ሚስቱ ብቻ ናቸው። እዚህ ትምህርት ቤት ግን ማሞቂያው ከተበላሸ ወር አልፎታል፤ ልጆቹ የሚማሩት ካፖርት ለብሰው ነው። ገንዘቡ መጀመሪያ ለማሞቂያው ይዋል” ብሎ ቁጭ አለ። በቃ! ኦሪን በዕድሜው እንዲህ ያለ አጭር ንግግር ሰምቶ አያውቅም።

የደገፉት ተቆጠሩ፣ የተቃወሙትም ተቆጠሩ። ድልድዩ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

“በአንድ ሰው ድምፅ! ማነው ይሄ ጨካኝ?” ብሎ ኦሪን ዞር ሲል፣ የሚስቱ እጅ ከተቃወሙት ጋር ገና አልወረደም።

“ሉሲንዳ! አንቺ?!”

“ምን ላድርግ? እኔማ ዓይኔን ጨፍኜ ልደግፍልህ ነበር። ይናገር ብለህ የተሟገትክለት አንተ ነህ፤ ሲናገር ሰማሁት፣ እውነቱን ነው” አለችው። “በል ተነስ፣ ምሳችንን በልተን ሳይመሽ ተራራውን እንዙር።”