ዋስ የሆንኩለት ሰርቨር

ከሚሴ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ «እሱን ጥሩት» የሚባለው እኔ ነበርኩ። ማተሚያው ወረቀት ቢያንቅ፣ ፍላሽ ቫይረስ ቢበላው፣ ባጃጅ ልከው ነበር የሚያስመጡኝ። ማዕረጌ ይኸው ነበርና ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ አንድ እኩያዬ የሆነ የኮምፒውተር ባለሙያ ወደ መሥሪያ ቤታችን ተዛውሮ መጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ወደዱት። የእኔ ኦሮምኛ ገበያ ወጥቶ ለመመለስ ያህል ነው። እሱ ግን ከጨፋ የመጣ ገበሬ ባገኘ ቁጥር «አካም ጂርቱ አባ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ይጀምርና ጨዋታውን በአማርኛ ይጨርሰዋል፤ ሽማግሌውም እጁን አይለቁትም። ቀናሁ። ለቅናቴ ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር፣ አልተገኘለትም።

በዚያው ሰሞን ኃላፊያችን የሰንበቴ ገበያን የከብት ዋጋ በየሳምንቱ የሚያወጣ ትንሽ ድረ ገጽ እንዲከፈት ፈለገ። ገጹን የሚይዝ ሰርቨር እንዲሆን ከመጋዘን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወጣ። የቀረው ኮምፒውተሩን ከሚያንቀሳቅሰው ሲስተም፣ ከሊኑክስ፣ የትኛው ይጫንበት የሚለው ነበር። ሊኑክስ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ በየጊዜው አዲስ ነገር ይጨመርበታል፣ ሌላው ብዙ ተፈትኖ የወጣ ነው፣ ጥገና ካልሆነ በቀር አይነካም። እሱ ሁለተኛውን መረጠ።

«ኔትወርካችን ደካማ ነው፤ ብዙ አፕዴት የማይፈልገው ይሻለናል» አለ።

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ቀደመኝ እንጂ። እሱ ያለውን ደግሜ «ልክ ነው» ከምል ምላሴ ቢቆረጥ እመርጥ ነበር። «ያ እኮ ያረጀ ነው፤ አዲሱ ይሻላል» አልኩ።

ኃላፊያችን የከብት ነጋዴ ልጅ ነው። ሁለታችንንም አዳመጠና «ወላሂ እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው የለም» አለ። «ግን ሰንበቴ ላይ በሬ ስንገዛ የማናውቀውን ሻጭ ዋስ አምጣ እንለዋለን። በሬው ነገ ጣጣ ቢያመጣ ዋሱን ነው የምንይዘው። እናንተስ? ለመረጣችሁት ዋስ ትሆናላችሁ?»

እሱ ትንሽ አሰበ። «ለማሽን ዋስ መሆን ይከብዳል። የምችለውን አደርጋለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለ።

«ለመረጥኩት ዋሱ እኔ ነኝ» አልኩ፣ ሳላስብ። ኃላፊያችንም የእኔን ያዘ። ያን ቀን ምሳ እንዴት እንደጣፈጠኝ።

ወር ሳይሞላ፣ በገበያው ዕለት ጠዋት አፕዴት አደረግሁ። አፕዴቱ ድረ ገጹ የሚሠራበትን ፕሮግራም ለወጠውና ገጹ አልከፍት አለ። ለማስተካከል ሌላ ፋይል ማውረድ ነበረብኝ፤ ኔትወርኩ ደግሞ ይመጣል ይሄዳል። ነጋዴዎች ይደውላሉ። ኃላፊው አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ስልኩ ይላል።

ያ እኩያዬ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ከቦርሳው እሱ የመረጠውን የዚያን የቆየውን ሊኑክስ ሲዲ አወጣና መጫን ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ገጹ ተከፈተ። ኃላፊው ምን ሆኖ ነው ብሎ ሲጠይቀው «ኔትወርኩ ነው ያስቸገረን» አለው። ያስቸገረን! ቢያዋርደኝ ይቅር እለው ነበር። መሸፈኑ ነው ያንገበገበኝ።

በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። ሰርቨሩ ግን ዓመታት ሠራ። ኃላፊያችን ሊኑክሱ መቀየሩን እስከ ዛሬ አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ እየጠቆመ «ዋስ ሆኖ የቆመለት እሱ ነው፣ ማሻአላህ» ይላል። እኔም «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። የሌላ ሰው ሥራ ነው ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር፤ አላልኩም።

እዚህም ስሙን አልጻፍኩም። የሰው ገመና ለመጠበቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ቅናቱ አሁንም አልወጣልኝም።