በሽሮ ውስጥ የገባው ቋንጣ

ለጤናችሁ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ምግብ ጎረቤት ጨርሶባችሁ ያውቃል? በእኔ ደርሷል፤ ያውም ደጋግሞ።

በደርግ ጊዜ የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ አንዲት ክፍል ተከራይቼ አስተምር ነበር። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ዓይኔ ይጨልምብኝ ጀመር፤ አንድ ቀን ጠመኔውን እንደያዝኩ ወደቅሁ። ሐኪሙ የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየና ደም ማነስ ነው፣ ሥጋ ብላ አለኝ። ካልተሻለኝ ከሥራ እንደሚያሳርፈኝም ነገረኝ። ገና ጀማሪ መምህር ነበርኩ፤ የማስተምረውን ክፍል ለሌላ መምህር ማስረከብ ከበሽታው ይልቅ አስፈራኝ።

የሉካንዳ ሥጋ ከደመወዜ ጋር አይተዋወቅም። ስለዚህ የግቢው ሰዎች በሬ ሲያርዱ ቅርጫ ገባሁ። ቅርጫ ጥሩነቱ፣ አንድ መደብ የወሰደ ሰው ከቀዩም፣ ከጉበቱም፣ ከአጥንቱም ይደርሰዋል። ጉበቱን ወዲያው በላሁት። ቀዩን ዘልዝዬ፣ በጨውና በበርበሬ አሽቼ፣ ቤቴ ውስጥ ገመድ ላይ ሰቀልኩት። ቋንጣ ቆጥበው ከበሉት ብዙ ይቆያል። ሁሉንም አስቤበት ነበር፤ «እንብላ»ን ብቻ ረሳሁ።

ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። እየበላችሁ ሰው ከገባ «እንብላ» ትላላችሁ፤ እሱም «ብሉ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው» ይላል። ሽሮ ስበላ ግቢው በሙሉ የጠገበ ነበር። ቋንጣው ከተሰቀለ ወዲህ ግን በልቶ የመጣ ሰው ጠፋ። ቃሉን ሳልጨርስ እጃቸውን ይታጠባሉ። ደም ማነስ ምን እንደሆነ ከነምክንያቱ አስረዳኋቸው፤ እየጎረሱ በጥሞና አዳመጡኝ። ጎረቤቴ ሾፌሩማ እሑድ እሑድ ከቀበሌ ስብሰባ ሲመለሱ መንገዳቸው በእኔ ቤት ሆነ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ መድኃኒቴ ነው» አልኳቸው አንዴ።

«ጓድ መምህር፣ ሥጋም በግል ይያዛል እንዴ?» አሉና ትልቁን ዝልዝል ከገመዱ አወረዱ።

በሬን እንዳልዘጋ፣ ዘግቶ የሚበላ ሰው በሰፈራችን ስም ይወጣለታል። በንዴት የተረፈችውን ቋንጣ ሙቀጫ ውስጥ ከትቼ እስክትደቅ ወቀጥኳትና ከሽሮ ጋር አንተከተክኳት። ማዕዱን እንዳቀረብኩ አከራዬ ብቅ አሉ።

«እንብላ፣ እማማ።»

ድስቱን አሻግረው አዩት። «ምንድነው እሱ?»

«ሽሮ ነው።»

«ብላ ልጄ፣ አሁን በልቼ መምጣቴ ነው።»

ሾፌሩም ባዶውን ገመድ አይተው፣ ጠግበው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ እንደገና ቅርጫ ገባሁና ቋንጣዬን ከአልጋዬ ራስጌ፣ ከመጋረጃ ጀርባ አደርቀው ጀመር። ከጾም ቀን በቀር በየቀኑ ጥቂት ጥቂት በሽሮ በላሁ፤ ትንሹ ሥጋ ብዙ ቆየልኝ። ሐኪሙ የዓይኔን ቆብ እንደገና ገልጦ ሲያይ «አሁን ቀልቷል» አለ። ክፍሌም ጠመኔዬም በእጄ ቀሩ።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። ቋንጣውን በደንብ ውቀጡት፣ ሽሮውን ወፈር አድርጉት፣ በራችሁን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱና ለገባው ሁሉ ከልባችሁ «እንብላ» በሉ።