ሳይቀመስ የተላከው በርሜል

መጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በደርግ ዘመን አንድ አገር ለራሱ ሕዝብ የከለከለውን መርዝ ለሌላ አገር እንዳይሸጥ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ሕግ አልነበረም። እኔ ይህን የተማርኩት ከጎረቤቴ የጠላ በርሜል ላይ ነው።

ያኔ አምስት ኪሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የምኖረው ፒያሳ፣ ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብሎ ነው። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ልጃቸው ከብሔራዊ ውትድርና ሊመለስላቸው ስለሆነ ጠላ ጠምቀዋል። ጋናቸው ስለተሰነጠቀ ባለሱቁ ሸምሱ መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ ያገለገለ ሰማያዊ በርሜል አምጥቶላቸው ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ጠላው ለመጠጥ ደርሷል... ዓይኔ በርሜሉ ላይ አረፈ። የራስ ቅል ሥዕል። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ የተባይ መርዝ መሆኑ፣ በተሠራበት አገር መጠቀም ክልክል እንደሆነና ለውጭ ገበያ ብቻ እንደሚሸጥ ተጽፏል።

«እትዬ፣ ይሄ ጠላ አይጠጣም።»

«ምን ሆነሃል? በግራዋ አጥቤ፣ በወይራ አጥኜ!»

«የመርዝ ዕቃ ነው። ግራዋ አያጠራውም።»

ሸምሱ ከሱቁ ብቅ አለ። «አስተማሪ፣ ደግሞ ጠላ ማረም ጀመርክ? የማልጠጣው እኔ እንኳ እንዲህ አልጨከንኩበትም!»

ጽሑፉን ተረጎምኩላቸው። ሸምሱ ሳቁን ዋጠ።

«እነሱ ጋ ክልክል ከሆነ ለኛ ማን ፈቀደው?» አሉ እትዬ።

«ማንም አልፈቀደም። የሚከለክል ሕግ ስለሌለ ነው።»

እትዬ ለሰው ሲቀዱ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ይቀምሳሉ፤ ሳይቀምሱ ሰጥተው አያውቁም። መዳፋቸውን አየት አደረጉና...

«ሰዎቹ ቀምሰው ነው የላኩልን?» አሉኝ።

«ለውጭ ገበያ ብቻ» የሚለውን በጣቴ አሳየኋቸው።

«እኔ ያልቀመስኩት ለልጄ አይቀዳም። ድፉት!» አሉ፤ እንባቸው እየወረደ።

ከውኃ ቧንቧው ራቅ አድርገን ጉድጓድ ቆፈርንና ጠላውን ከነበርሜሉ ቀበርነው። ልጁ የመጣ ዕለት ሸምሱ፣ ያ የማይጠጣው ሰውዬ፣ ከሰፈር ለምኖ አንድ እንስራ ጠላ ተሸክሞ መጣ። እትዬ ቀመሱ። ልጁ ጠጣ።

ከዚያ ወዲህ አገሮች የተስማሙበት ሕግ ወጥቷል። ዛሬ በስምምነቱ መዝገብ የገባን መርዝ ተቀባዩ አገር አልፈልግም ማለት ይችላል። ያልተመዘገበው ግን ብዙ ነው፤ ለራስ ከልክሎ ለሌላ መሸጡም ጨርሶ አልቀረም።

ይህን ያነሳሁት ትናንት ፒያሳ ውስጥ ያንኑ ዓይነት የራስ ቅል ያለበት ሌላ በርሜል ውኃ ተሞልቶበት ስላየሁ ነው። ባለቤቱን ውኃውን አስደፍቼዋለሁ። እናንተም ውኃ የምታጠራቅሙበት ዕቃ ላይ ምን እንደተጻፈ አሁን ተነሥታችሁ አንብቡና ሳይመሽ ያገኛችሁትን ንገሩኝ፤ እየጠበቅኩ ነው።